ዝቅ አልል ያለው ድምፅ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ባሮ ሞልቶ የነበረበት ክረምት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዓመቱን ግን ብትጠይቁኝ አንዱን ከሌላው እደባልቃለሁ። ባለቤቴ ብትኖር ትነግረኝ ነበር። የልጆቹ ልደት፣ የቤታችን ቆርቆሮ የተቀየረበት ወር፣ ጎርፉ ወጥ ቤቱን የወሰደበት ዓመት፣ ይህን ሁሉ የምትይዘው እሷ ነበረች። እኔ የምይዘው የሟቾችን ስም ነው። ሥራዬ ስለሆነ ነው።

የሰፈራችን እድር ለፋፊ ነኝ። ጋምቤላ የመጣሁት በሰፈራው ጊዜ ነው፤ ፊደልም የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ብዙ አልገፋሁም። ድምፅ ግን ነበረኝ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቼ በየመንገዱ እየዞርኩ የሟቹን ስም፣ የሀዘኑን ቤት፣ የቀብሩን ሰዓት እናገር ነበር።

ሰው ለፋፊነት ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። የሸመገለ ሰው ሲሞት ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሕፃን ሲሞት ዝቅ ይላል። አራስ ያለችበት አጥር ስር ሲደርሱ፣ የታመመ የተኛበት ደጃፍ ሲደርሱ፣ ለጎረቤት በሚበቃ ድምፅ ብቻ ተናግሮ ማለፍ ነው። መርዶ ያልተነገረው ሰው ካለ ደግሞ አንዱን ጎረቤት ከበር ጠርቶ በጆሮው መንገር ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እየዞርኩ የለመድኩት ነው።

ኋላ ጉሮሮዬ ታመመ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አትጩህ አለኝ። መጮሁ ይቅርና ምሳ አቅርቡ የምለው እንኳ በሹክሹክታ ሆነ። እኔ በቃኝ ብዬ ነበር፤ የእድሩ ሊቀመንበር ግን እምቢ አለ። «ሰው የለመደው የእርስዎን ድምፅ ነው፣ ጋሼ። በሌላ ድምፅ ቢነገር ሰው አይቀበርም» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ከሥራ ለቆ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ አባል የተወልን አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ተሰብሯል፣ የራሱ ድምፅ ደግሞ እንደ ትንኝ ነው። ስለዚህ የእድሩ ንብረት ያዥ ሳውንድ ካርድ የሚሉትን ሳጥን አመጣ። መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት። በገመድ ከላፕቶፑ ጋር ትያያዛለች። ማይኩ የሚሰካው እሷ ላይ ነው፤ ባጃጁ ጣሪያ ላይ ወደታሰረው ትልቅ ድምፅ ማጉያ የምታስተላልፈውም እሷ ናት። ፊቷ ላይ አንዲት የምትዞር ቁልፍ አለች፤ ድምፅ የሚጨመረውና የሚቀነሰው በእሷ ነው። እኔ ማይኩን ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ በሹክሹክታ እቀዳለሁ፤ በማግስቱ ባጃጁ ላይ ሲከፈት የጎልማሳነቴ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ከእኔ ቀጥላ ጎረቤቴ በኑዌርኛ ትደግመዋለች። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በጸሐፊነት የምትሠራ፣ ሁለት ቤት አልፎ የምትኖር ሴት ናት። የእናቷ ወገኖች ከድንበሩ ማዶ ስለሆኑ የሞት ወሬ በስልክ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ ታውቃለች።

ንብረት ያዡ ገበያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው። ባጃጁም የእሱ ነው፤ የሚነዳውም እሱ ነው። የእኛ መንገድ በክረምት ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ያቺ ቁልፍ እየተንሸራተተች ድምፁ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የአንድ የተከበሩ ሰው የቀብር ሰዓት ሳይሰማ ቀረና ሰው ተቆጣን። ነጋዴው ቁልፏን ጥሩ ድምፅ የምትሰጥበት ቦታ ላይ አቁሞ በሱፐር ግሉ ለጠፋት።

«ከእንግዲህ ወላሂ መሬት ቢንቀጠቀጥም አትነቃነቅም» አለ።

ሁላችንም አመሰገንነው። እኔም አመሰገንኩት።

በዚያ ክረምት ባለቤቴ ልቧ ደክሞ አልጋ ላይ ነበረች። እግሯ ያብጣል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምታድረው። ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶኝ «እሷ እንዳትደነግጥ ብቻ» አለኝ። አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት፤ እዚሁ ሰፈር፣ ከእኛ ሦስት መንገድ ወዲያ ነው ቤቷ። በየሁለት ቀኑ እየመጣች ጸጉሯን ታበጥርላት ነበር። ልጇ ማታር ከተማ ወልዳ ልትጠይቃት ሄደች። ሄዳ በሳምንቷ ትኩሳት ያዛት፤ ረቡዕ ዕለት ማለፏን በስልክ ነገሩኝ። ውሃው መንገዱን ስለዘጋው እዚያው ቀበሯት።

ዘመዶች እኔ ግቢ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቆመን ተነጋገርን። ለባለቤቴ ቅዳሜ ማለዳ ይነገራት ተባለ። መድኃኒቷን ወስዳ፣ ትንሽ ቀምሳ፣ የጸሎት ጓደኞቿ በግራና በቀኝ ይዘዋት። የሀዘኑ ቤት ግን እስከ ቅዳሜ ሊቆይ አይችልም፤ ከኢታንግ የሚመጡ ዘመዶች መንገድ ላይ ናቸው፣ በእህቷ ቤት ድንኳን መተከል አለበት፣ ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት መለፈፍ ግድ ሆነ።

«የእናንተን መንገድ እንዝለለው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ከዘለልነው ታውቃለች» አልኩት።

እውነቴን ነው። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና ባጃጁ ከየት እንደተነሳ፣ አሁን የት እንደደረሰ፣ በጆሮዋ ትከታተላለች። የእኛን በር ብቻ ጥሎ ቢሄድ የሞተው የእሷ ሰው መሆኑን ለመገመት አፍታ አይፈጅባትም። ስለዚህ ሌላ ነገር አሰብኩ። ወደ እኛ ሰፈር ስንቃረብ ላፕቶፑ ላይ ባለው የድምፅ ቁልፍ እቀንሰዋለሁ። ባትሪው እንደደከመ ሆኖ እምምም እያለ ያልፋል። ማን ሞተ ስትለኝ የማታውቀውን ሰው እነግራታለሁ። ሁለት ቀን ነው፤ ሁለት ቀን መዋሸት እችላለሁ አልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እድር ቤት ገብተን ቀዳን። የእህቷን ስም በሹክሹክታ ስል ድምፄ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፤ ሁለት ጊዜ እንደገና ቀዳነው። ከዚያ ነጋዴው ሳጥኗን ነቅሎ ባጃጁ ላይ ሊያስራት ወሰዳት። እኔ ብቻዬን ቀረሁና ላፕቶፑን ሞከርኩት። የመቀነሻውን ቁልፍ ስጫን ስክሪኑ ላይ ያለችው መስመር ታጥራለች፣ ድምፁም አብሮ ያንሳል። ደግሜ ስጫን እንደገና ያንሳል። እስኪጠፋ ድረስ ሞከርኩት። ልቤ አረፈ። ሳጥኗ ሳትኖር እየሞከርኩ መሆኔን፣ የምሰማውም ያንኑ የላፕቶፑን የትንኝ ድምፅ መሆኑን ልብ አላልኩም።

ሐሙስ ጠዋት አጥሚቷን በማንኪያ አጠጣኋት።

«ምነው ዛሬ ማለዳ ተነሳህ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ። ከወዲያ ሰፈር ነው፣ አታውቂውም።»

«ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና። ያቃጥላል ይሄ፣ እፍ በልልኝ።»

እፍ አልኩላት።

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጥኩ። ነጋዴው ይነዳል። ከዋናው መንገድ ጀምረን ገበያውን ዞርን፣ ሁሉም ደህና ነበር። ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ቁልፉን ተጫንኩ። መስመሯ አጠረች። ድምፁ ግን ያው ነው። ደግሜ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ መስመሯ ልትጠፋ ደረሰች፤ ጣሪያው ላይ የእኔ ድምፅ እንደ መለከት ይጮሃል።

«ቀንሰው!» አልኩ። በዚያ ጉሮሮዬ ማን ይሰማኛል። ትከሻውን መታሁት።

«ምኑን ነው የምቀንሰው አባባ?»

«ድምፁን!»

«ቁልፏን እኮ ለጥፌያታለሁ!»

ሊረዳኝ ብሎ ቆመ። የቆመው የእኛ አጥር ሥር ነው። እሱም ዘወር ብሎ ሳጥኗን ይጎትታል፣ እኔም አንዱን ቁልፍ ትቼ ሌላውን እጫናለሁ። ገመዱን ስነቅለው ስሟም፣ ያረፈችበትም ቦታ፣ የሀዘኑም ቤት ተነግሮ አልቆ ኑዌርኛው ጀምሮ ነበር።

ስገባ ከትራሶቹ ቀና ብላ ተቀምጣለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ድምፅህ ነው» አለችኝ። «አወቅሁት።»

ወደ አልጋው ተጠጋሁ።

«አጥሚቱን ስታጠጣኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እፍ ስትልልኝም?»

«አዎ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐሙስንና ዓርብን መድኃኒቷን የወሰደችው ከጎረቤቴ እጅ ነው። እኔ ማንኪያውን ሳነሳ አፏን አትከፍትም፤ አልተቆጣችኝም፣ አፏን ብቻ አትከፍትም። ውጭ ማንጎው ሥር ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ጠያቂው እኛ ቤት ይምጣ ወይስ ድንኳኑ ጋ ይሂድ ግራ ገብቶት በሩ ላይ ይቆማል። ነጋዴው ሁለቱንም ቀን መጣ። ሁለቱንም ቀን አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ «እኔ ነኝ የገደልኩህ፣ በዚያ ማጣበቂያ» ይለኛል። እኔም አይደለህም እለዋለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ሊቀመንበሩ የቅዳሜው መርዶ ይቅር፣ የሰማችውን ምን ብለን እንነግራታለን አለ። ጎረቤቴ ናት ገብታ የጠየቀቻት። ብዙ ቆይታ ወጣች።

«ይምጡ ብላለች» አለች። «እንዳልሰማሁ ሆነው ይንገሩኝ ነው የምትለው። እኛም ጋ እንደዚህ ነው፣ አባባ። ሰው በደንብ ካልተነገረው ገና አልሰማም።»

ቅዳሜ ማለዳ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ሁለቱ በግራና በቀኝ ያዟት፣ አንዷ ከኋላዋ ተቀመጠች። ትልቋ ሴት ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትጀምር ስትል ባለቤቴ ቀና አለች።

«እሱ ይንገረኝ» አለች።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። በዕድሜዬ ስንቱን ተናግሬያለሁ፤ ያን ቀን ከበሩ እስከ አልጋው ያለው መንገድ ረዘመብኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና በዚያ በቀረችኝ ድምፅ ነገርኳት። «እህትሽ ማታር ታመመች» አልኳት። «አልዳነችም።»

«ማን ነበር አብሯት?»

«ልጇ ነበረች። እጇን ይዛት ነበር።»

«የሕፃኑንስ ፊት አየችው?»

«አየችው። አቅፋዋለች።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሦስት ቀን የያዘችው ለቅሶ ነው የወጣው። እኔን ያዘችኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። የያዘችው ሴቶቹን ነው። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ።

በሳምንቱ ላፕቶፑን ተሸክሜ ሄጄ ለሊቀመንበሩ አስረከብኩ። ከእንግዲህ ድምፄን በዚያ ሳጥን አላወጣም አልኩ። ነጋዴው ማጣበቂያውን በምላጭ ሊፍቅ ሞከረ፤ ቁልፏ ከሥሯ ተሰበረችና እጁ ላይ ቀረች። ሳጥኗ ለዘላለም ጯሂ ሆና ቀረች። ሌላ ይገዛ የሚልም ነበር፣ በሰው ጉሮሮ ወደ ድሮው እንመለስ የሚልም ነበር። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ ጠያቂ አይቀርምና።

አንድ ቀን ለጎረቤቴ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ፣ «እንደ እኔ የተኛች ሌላ ሴት አለች እኮ። እሷንስ ከዚህ ጩኸት ማን ይጠብቃታል?» አለቻት። ያለችው ለእሷ ነው፤ እንዲሰማት የፈለገችው ግን እኔን ይመስለኛል።

ጎረቤቴ ላፕቶፑን ከሊቀመንበሩ ተቀብላ ወደ ሥራዋ ይዛው ሄደች። እኛ ጋ ኔትዎርኩ ይመጣል ይጠፋል፤ ጀዊ ይሻላል። ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጠየቀች፣ አነበበች፣ ሦስት አራት ቀን አመላለሰችው። ከዚያ አንድ ከሰዓት ነጋዴውንም እኔንም ጠርታ ባጃጁን እኛ በር ላይ አስቆመች።

«ኮምፒውተሩ ሳጥኑን አያዘውም» አለችን። «ሳጥኑ የራሱ ቁልፍ ስላለው፣ ድምፅ የምቀንሰው እኔ ነኝ ይላል። ኮምፒውተሩ ሙሉውን ነው የሚልክለት። ያ መስመር ሲያጥር ያየኸው ሥዕል ብቻ ነው፣ አባባ። አንተ አላጠፋህም።»

«ታዲያ ቁልፉ ተሰብሯል» አለ ነጋዴው።

«አሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ሳጥን አስገብቻለሁ። በዓይን አይታይም፤ ፕሮግራም ነው። ቨርቹዋል ድራይቨር ይሉታል። ኮምፒውተሩ እውነተኛ ሳጥን ይመስለዋል፣ ድምፁን ለእሱ ይሰጣል። እሱ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ይሰማል፤ ቀንስ ስትለው ይቀንሳል። የቀነሰውን ደግሞ ለእውነተኛው ሳጥን ያቀብላል። እውነተኛው ያው ይጮሃል፤ የሚጮኸው ግን ትንሽ የተሰጠውን ነው።»

ነጋዴው አገጩን አሸ። «ሙሉውን ተቀብሎ አጉድሎ የሚያስረክብ» አለ። «እንዲህ ዓይነቱን ማታር ገበያ አውቀዋለሁ። ደላላ ነው በይኝ።»

«ደላላ ነው» አለች ሳትስቅ። «ግን ታዛዥ ነው።»

ደላላው ብለን ነው እስከ ዛሬ የምንጠራው።

ልትሞክረው ስትል ምን እናሰማ የሚል ነገር መጣ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሁሉ የሞት ወሬ ነው። ፈልጋ ፈልጋ ሰው ለወርሃዊ ስብሰባ እንዳይቀር የለፈፍኩትን አገኘች። ከመክፈቷ በፊት ወደ ቤት ገብታ ለባለቤቴ ነገረቻት፤ ድምፅ ይሰማል፣ ማንም አልሞተም ብላ። መስኮቱን ከፈተችላት። ተመልሳ መጥታ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ተጫን» አለችኝ።

በዚያው አጥር ሥር፣ በዚያው ባጃጅ ውስጥ ነኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ ደላላውን መምረጤን እሷ አየችልኝ። ከፈትኩት፤ የእኔ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው። ተጫንኩ። መስመሯ አጠረች፤ በዚህ ጊዜ ድምፁም አብሯት ወረደ።

ከመስኮቱ የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

«ገና ነው። ቀንስ።»

በቀጥታ ለእኔ ስትናገር ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ተጫንኩ።

«አሁንስ?» አላት ነጋዴው፣ የእኔ ድምፅ እንደማይደርስ ስለሚያውቅ።

«አሁንም። ይሄ ያስበረግጋል።»

ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። ስብሰባው፣ ቦታው፣ የሚቀር ሰው መቀጣቱ፣ እያለ ይደጋግማል። ነጋዴው «ቅጣቱን ግን ጮክ በሉት፣ እሱ ይሰማ» አለ፤ ከውስጥ የሳል የመሰለ ነገር ሰማሁ፤ ሳቅ ነበር።

«እዚህ ላይ» አለች በመጨረሻ። «እዚህ ላይ ተወው።» ደግሞም፣ «በዚህ ቢነግሩኝ ኖሮ እችለው ነበር» አለች።

ጎረቤቴ መስመሯ የቆመችበትን ቁጥር በወረቀት ጽፋ የላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጠፈችልኝ። ከሥሩም በትልልቅ ፊደል፦ መጀመሪያ ሳጥኑን ሰካ፣ ከዚያ ደላላውን ምረጥ፣ ሳትወጣ ከሳጥኑ ጋር ሞክር።

ያን ቀን ማታ ባለቤቴ አጥሚቱን ከእጄ ጠጣች። ስለ እህቷ አላወራንም። ስለ ሐሙሱም አላወራንም። ይቅር ብላኝ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ውሃው ሳይጎድል፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ እጄ ላይ አረፈች። ሐኪሙን ያ ድንጋጤ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ልቧ ቀድሞም ደክሞ ነበር አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ለእኔ ብሎ ይሁን እውነቱን ይሁን አላውቅም። እስከ ዛሬም ሳስበው እውላለሁ።

የእሷን ሞት እኔ አልቀዳሁም። ጎረቤቴ በኑዌርኛም በአማርኛም ቀዳችው፤ አማርኛዋ ጥቂት ይሰባበራል፣ ግን ስሟን ሙሉውን፣ ከነአባቷ፣ ቀስ ብላ አለችው። ባጃጁ ላይም እሷው ተቀመጠች። እኔ ድንኳን ውስጥ ሆኜ ድምፁ በየመንገዱ ከፍ ሲል፣ ደግሞ ሲወርድ እሰማ ነበር። የሚወርድበትን ቦታ ሁሉ አውቀዋለሁ። ከወንዙ በኩል ያለችው አራስ፣ ጉልበታቸው የተያዘው ሽማግሌ፣ ከጥግ ያለችው ልጇ የጠፋባት እናት። አንዱንም አላለፈችም።

ከቀብሩ በኋላ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ጎረቤቴ ከጀዊ ስትመለስ በየቀኑ ጎራ ትላለች። አይዞህ አትልም። ውሃ ትቀዳልኛለች፣ ላፕቶፑን ትከፍታለች፣ «ነገ የምንናገረው ሰው አለ፣ አባባ» ትለኛለች፣ ማይኩን ወደ ከንፈሬ ታስጠጋለች። መጀመሪያ እምቢ አልኩ። እሷም ማይኩን ይዛ እስኪጨልም ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ተናገርኩ።

ያን ክረምት ማን አሻገረህ ብትሉኝ እሷ ናት፤ ኑዌርኛውን የምታነበው፣ የጀዊዋ ጸሐፊ፣ ጎረቤቴ።